ርዕሰ መምህሩ የምክር ማስታወሻህን ሲጠይቅ

የትምህርት ቤት አማካሪ ከሆንክ፣ ከተማሪ ጋር ስትነጋገር የያዝከውን ማስታወሻ ለርዕሰ መምህሩ አትስጠው። «ለፋይል ነው» ስላለህ ብቻ ተማሪዋ ያወራችህን ሁሉ ማሳየት የለብህም። ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ንገረው፦ «እየተከታተልኳት ነው፤ ለፈተናው ተጨማሪ ጊዜ ቢሰጣት ይጠቅማታል።» በቃ። ምን እንደምትነግረው ግን አስቀድመህ ለራሷ አሳውቃት።

ራሷን ልትጎዳ ካሰበች፣ ሌላ ሰው ላይ አደጋ ካለ ወይም ጥቃት እየደረሰባት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያኔ ዝም አይባልም። በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካል ታሳውቃለህ፤ የምትናገረው ግን ለደህንነቷ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ልጅ «ለማንም አልናገርም» ብዬ ቃል ገባሁ። የነገረኝ ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ነበር። መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩ። ልጁ ከዚያ በኋላ ቢሮዬን አልረገጠም። አሁን ምስጢር የምጠብቅበትን ወሰን ለተማሪዎቹ የምነግራቸው ገና ሲቀመጡ ነው።