ዜማው የት አለ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ሦስታችሁ ቤቴ በመጣችሁ ዕለት ቡናው እስኪፈላ ድረስ ብዬ የዴንማርካዊውን የቫግን ሆልምቦን 8ኛ ሲምፎኒ፣ ማለትም ለሙሉ ኦርኬስትራ የጻፈውን ትልቅ ሥራ፣ ከፍቼላችሁ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዷ አንገቷን ወደ እኔ ዘንበል አድርጋ «ጋሼ፣ ዜማው የት አለ?» አለችኝ። እኔም ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ሳቄ በእሷ አልነበረም፤ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄ መልስ ባጣሁ ጊዜ ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ለዓመታት የረሳሁት ሰው ነኝና በራሴ ነው የሳቅሁት። ጥያቄው ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ዕድሜዬን በሙሉ ቪዮላ፣ ያንን ከቫዮሊን ከፍ የሚለውንና ድምፁ ወፈር ያለውን መሣሪያ፣ ስጫወትና ሳስተምር ኖሬ ለዚህ ጥያቄ ተቀምጬ መልስ ያልጻፍኩ መሆኔ ስለቆጨኝ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

ሆልምቦ እ.ኤ.አ. በ1909 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሆርሰንስ በተባለች የዩትላንድ ከተማ ተወልዶ በ1996 ያረፈ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ቁጥር የተሰጣቸው 13 ሲምፎኒዎችንና ከ1ኛ እስከ 20ኛ የሚቆጠሩ ኳርቴቶችን ጽፏል፤ ኳርቴት ስል ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና በጉልበት መሐል ተይዞ ለሚጫወተው ወፍራም ድምፅ ላለው ለአንድ ቼሎ የሚጻፈውን ማለቴ ነው። በአገሩ ከካርል ኒልሰን ቀጥሎ ትልቁ የሲምፎኒ ደራሲ እሱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ዜማው አለ፤ ተጠናቆ ግን አይመጣም። እኛ ያደግነው ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ዜማው በአንድ ስንኝ ውስጥ ሙሉ ሆኖ በሚሰጥበት፣ ከዚያም አዝማቹ እየተመላለሰ «አለሁ፣ አልጠፋሁም» በሚለን ሙዚቃ ነው። ጆሯችን አዝማች ይጠብቃል፣ አዝማቹ ሲዘገይበትም ይከፋዋል። ሆልምቦ ዘንድ በመጀመሪያ የሚመጣው ሦስት ወይም አራት ድምፅ ብቻ ያለው፣ ብቻውን ቢሰማ ከቁም ነገር የማይቆጠር ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ ይዘረጋል፣ ይገለበጣል፣ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ቀድሞ ጥድፊያ የነበረው ዝግ ብሎ ኀዘን ይሆናል፣ ኀዘን የነበረው ደግሞ ሳይታሰብ ነሐስ መሣሪያዎቹ አንሥተውት ጉልበት ይሆናል። ደራሲው ራሱ ይህን አካሄድ ሜታሞርፎሲስ፣ ማለትም የመልክ መለወጥ፣ ይለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት ለኦርኬስትራ የጻፋቸውን አራት ሥራዎችም ሲምፎናዊ ሜታሞርፎሲስ ብሎ ሰይሟቸዋል። አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው ከዴንማርክ ሐይቆች ሁሉ በሚሰፋው በአሬሶ ሐይቅ አጠገብ፣ ራምሎሰ በምትባል መንደር፣ በገዛ እጁ ዛፍ እየተከለ ነው። ዛፍ አዝማች የለውም። ካቻምና የነበረው ቅርንጫፍ ዘንድሮ ተመልሶ አይበቅልም፤ የዛሬው ግን ያለ ካቻምናው አይኖርም። ይህን ሙዚቃ የምታዳምጥ ጆሮም «መቼ ይመለሳል?» ማለቷን ትታ «ከምን መጣ?» ማለት መልመድ አለባት።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደጋችሁ ይህ ሐሳብ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንባችሁም። በማኅሌት አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ሲፋጠን በጽፋት ይደመደማል። ሌሊቱን ቆሞ የሰማ ሰው ያው ቃል ከአንድ ሰዓት በፊት ከሰማው የተለየ አካል ለብሶ ሲመጣ ያውቀዋል። ይህን ስል ዴንማርካዊው ከእኛ ወሰደ ለማለት አይደለም፣ የሁለቱ መንገድም አንድ አይደለም፤ በማኅሌቱ ዜማው ተጠብቆ ፍጥነቱና ምቱ ነው የሚለወጠው፣ በሆልምቦ ግን ዜማው ራሱ ሥጋውን ይለውጣል። ጆሮ ግን ለሁለቱም የሚያስፈልገው ትዕግሥት አንድ ዓይነት ነው፤ ትዕግሥቱ ደግሞ በእጃችሁ አለ።

ካሴቱን ስለወረወርኩበት ጊዜ ትንሽ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንደኛ ቫዮሊን ልሆን ተመኝቼ፣ በተማርኩበት ቤት ቪዮላ የሚጫወት ሰው በመጥፋቱ «ረጅም ክንድ አለህ» ተብዬ ቪዮላ ታቀፍኩ። ቂሜ ለዓመታት አልወጣልኝም። ቪዮላ በብዙ ኳርቴት ውስጥ መሐል ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ሲያጌጡ ክፍተት የሚሞላ ነው፤ ሰው የማያስተውለው፣ ሲጎድል ብቻ የሚታወቅ። ከአውሮፓ የተመለሰ ጓደኛዬ የሆልምቦን ኳርቴቶች በካሴት ቀድቶ ሲሰጠኝ አንድ ጊዜ ሰምቼ ምንም አልገባኝም። ካሴቱን መልሼ ያነሣሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሰዓት እላፊ ምሽት፣ ከቤት መውጣት በማይቻልበትና ድምፅም ከፍ ማድረግ በሚያስፈራበት ሰዓት ነው። ቴፑን ከጆሮዬ አጠገብ አድርጌ 1ኛውን ኳርቴት ከፈትኩት። የሚጀምረው በቪዮላ ነው፤ ብቻውን። ሌሎቹ ሦስቱ ዝም ብለው ይሰሙታል። እኔ ክፍተት መሙያ ነው ብዬ ያማረርኩበት መሣሪያ የሥራውን ሁሉ ዘር ሲዘራ ሰማሁ፤ በዚያች ሌሊት ካሴቱን ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላስታውስም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ በሲምፎኒው አትጀምሩ የሚል ነው፤ እኔ ያን ቀን 8ኛውን መክፈቴ ጥፋት ነበር። በኳርቴት ጀምሩ። አራት ድምፅ በጆሮ መከተል ይቻላል፤ ሙሉ ኦርኬስትራ ግን ላልለመደ ሰው እንደ መርካቶ ነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠራል። ከኳርቴቱ አንድ ክፍል ብቻ መርጣችሁ ሦስት ጊዜ አዳምጡ። በመጀመሪያው ዝም ብላችሁ ስሙ። በሁለተኛው ቼሎውን ብቻ ተከተሉ፣ ሌላው የፈለገውን ይሁን። በሦስተኛው ቪዮላውን ወይም ሁለተኛውን ቫዮሊን ያዙ። አንደኛ ቫዮሊንን ተከተሉ አላልኳችሁም፤ እሱ ራሱ ይከተላችኋል። ስልካችሁ ሌላ የቤቱ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ይህን የምለው እንደ ሽማግሌ ለመቆጣት ሳይሆን፣ በሆልምቦ ሙዚቃ ሃያ ሴኮንድ ያመለጠው ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው ነገር ከምን እንደተወለደ ስለማያውቅ ነው።

ስለ 1ኛው ኳርቴት ደግሞ ለእናንተ ዕድሜ የሚሆን ነገር አለ። ሆልምቦ ይህን ሥራ ሲጨርስ እ.ኤ.አ. 1949 ነበር፤ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ነው፣ 6 ሲምፎኒዎችንም ጽፏል። ኳርቴት ግን ከዚያ በፊት አልጻፈም ማለት አይደለም፤ አሥር ያህል ጽፎ አንዳቸውንም ቁጥር ሳይሰጥ አስቀምጧቸዋል። አሥር! ከእናንተ አንዱ ሁለት ሥራ ጽፎ በማግስቱ ለሰው ካላሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰውየው ቁጥር ሳይሰጥ የቆየው ሰንፎ አይደለም፤ ኳርቴት የሚደበቅበት ጥግ የሌለው ቤት መሆኑን ስላወቀ ነው። ቁጥር ለመስጠት ሲደፍር ግን በዚያው ሰሞን ሦስቱን በተከታታይ አወጣ። 1ኛውን ለሃንጋሪያዊው ለቤላ ባርቶክ መታሰቢያ አደረገው፤ ምክንያቱም ለመገመት አይከብድም። ሆልምቦ በወጣትነቱ በርሊን ሳለ ያገኛትንና በ1933 ያገባትን ፒያኖ ተጫዋች ሜታ ግራፍን ተከትሎ ወደ አገሯ ሩማኒያ ሄዶ የገጠሩን ሙዚቃ አጥንቷል፤ ባርቶክም ከእሱ ቀደም ብሎ በዚያው አካባቢ መንደር ለመንደር እየዞረ የሕዝቡን ዘፈን የሰበሰበ ሰው ነው። ወደ አገሩ ሲመለስም ጆሮውን ወደ ጎዳናው አዙሮ የዴንማርክ የመንገድ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ሲያስተዋውቁ የሚጮኹትን በኖታ ሰብስቧል። (እኛ ሰፈር ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ሰው እስካሁን በኖታ የጻፈልን አላየሁም፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፣ ግን ከአጥር ማዶ ማን እንደሆነ ይለያል።) እንዲህ ያለውን ጩኸት በቁም ነገር የሰማ ደራሲ አራት ድምፅ ብቻ ይዞ ሲምፎኒ መጀመሩ አይገርመኝም።

ከኳርቴቱ በኋላ ወደ ሲምፎኒዎቹ ስትሻገሩ በቁጥር ቅደም ተከተል አትሂዱ። 5ኛውን እ.ኤ.አ. በ1944 የጻፈው ዴንማርክ በጀርመን ወረራ ሥር ሳለች ነው፤ ውስጡ ሰልፍም ፉከራም የለም፣ ነገር ግን ጥርስ የተነከሰበት ጉልበት አለ፣ ለጀማሪም ቀጥተኛ ነው። 6ኛው ሁለት ክፍል ብቻ አለው። የእኔ ምርጫ ግን በ1950 የጻፈው 7ኛው ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ የሚፈስ አንድ ክፍል ሲሆን ኢንተርሜዲዮ ብሎ የጠራቸው አጫጭር መሸጋገሪያዎች በውስጡ ያሉትን ትልልቅ ምዕራፎች ያያይዟቸዋል። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፣ አንድም ትርፍ ድምፅ አላገኘሁበትም። 8ኛው፣ «ሲንፎኒያ ቦሬያሌ» ማለትም የሰሜን ሲምፎኒ የተባለው፣ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ያን የክረምት ቀን ያልሰማችሁትን ትሰማላችሁ። በ1972 ዲትሮይት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውን 10ኛውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ እሱ በጣም ውስጡ የሚኖር ሥራ ነው፣ ገና የማታውቁትን ሰው ሚስጥር እንደመስማት ይሆንባችኋል።

ሁሉንም ውደዱ አልላችሁም። በ1ኛውና በ3ኛው ሲምፎኒ ውስጥ ደራሲው ገና ራሱን ሲፈልግ ይሰማኛል፤ ከኋለኞቹ ኳርቴቶችም አንዳንዶቹ ዛሬም ደረቅ ይሆኑብኛል፣ ሃያ ዓመት ባዳምጣቸውም አልለሰለሱልኝም። ሙዚቃው ለአድማጩ አይለማመጥም፤ እንባ የሚያስመጣ ረጅም ዜማ ሲጀምር ከመጠን እንዳያልፍ የሚሰጋ ይመስል ይሰበስበዋል። ይህን ጨዋነት አንዳንድ ሰው ብርድ ይለዋል። እኔ እንኳ ኀዘን ላይ ስሆን የምከፍተው ሌላ ሙዚቃ ነው። አእምሮዬ ሲበታተንብኝ ግን ከእሱ የተሻለ ሰብሳቢ አላገኘሁም።

በዘመኑም ብርድ ነው ያሉት ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአገሩ ወጣት ደራሲዎች ከጀርመን በመጣው አዲስ አጻጻፍ ሲሳቡ የሆልምቦ መንገድ ያለፈበት ተባለ። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ የገዛ ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ፐር ኖርጎርድ ከእነሱ አንዱ ነው። መምህር ሆኜ ይህን ሳስብ ያመኛል፤ ሆልምቦ ግን አልተሟገተም፣ ፋሽኑንም አልተከተለም። 8ኛውን በ1952 ከጨረሰ በኋላ እስከ 1967 ቁጥር ያለው ሲምፎኒ አልጀመረም፤ ቢሆንም ዝም አላለም፣ ኳርቴቶችንና ሜታሞርፎሲሶቹን እየጻፈ ያንኑ ዘር ሲኮተኩት ቆየ። እሱ ራሱ ከመጻፍ ውጭ ሌላ ሥራ ሳይኖረው የኖረ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ በ1940ዎቹ በኮፐንሃገን የዓይነ ስውራን ተቋም አስተምሯል፣ ለፖሊቲከን ጋዜጣ የሙዚቃ ሐያሲ ሆኗል፣ ከዚያም በንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ እስከ 1965 አስተምሯል። ለመጻፍ ብቻ የኖረው ከዚያ በኋላ መንግሥት የዕድሜ ልክ ድጎማ ሲሰጠው ነው። ማለዳ ልጅ እያስተማረ ማታ የሚጽፍ ከእናንተ መካከል ካለ ይህን ይያዝልኝ።

ቅጂዎቹን ለማግኘት አትቸገሩም። ሲምፎኒዎቹን በሙሉ የአርሁስ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በኦዌን አርዌል ሂውዝ መሪነት ቀድቷቸዋል፤ 13ኛውን ሆልምቦ ሰማንያውን ካለፈ በኋላ የጻፈው በዚሁ መሪ ጥያቄ ነው። ኳርቴቶቹን ኮንትራ ኳርቴት ተጫውቷቸዋል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የናይቲንጌል ኳርቴት ሴቶች እንደገና እየቀዷቸው ነው። የኮንትራዎቹ አጨዋወት ሻካራና ቀጥተኛ ነው፣ የሴቶቹ ይተነፍሳል። ሁለቱን አነጻጽሩ።

ከሁሉም በኋላ ደግሞ «ኳርቴቶ ሴሬኖ» የተባለውን ፈልጉት። ሆልምቦ ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረ ሥራ ነው፤ ወስዶ የጨረሰው ያ ሌላ መንገድ የሄደው ተማሪው፣ ፐር ኖርጎርድ ነው። የመምህሩ እጅ የት ላይ እንደቆመና የተማሪው የት ላይ እንደጀመረ ለመለየት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። በሚቀጥለው ስትመጡ አብረን እንሞክረው፤ ቡናውን ግን ሙዚቃው ካለቀ በኋላ እናፈላለን።

መምህራችሁ