ቀዩ ዶቃ ቶሎ አይቀላም

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ዶቃ ሠሪ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ቀይ የብርጭቆ ዘንግ ገዝቼ ዶቃ ሠራሁበት። የወጣው ግን ቀለም የሌለው፣ ትንሽ ቢጫ የሚል ነገር ነው። ዘንጉ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?» ዶቃዎቹን ምን እንዳደረገቻቸው ጠየቅኳት። ሁሉንም እንደጣለቻቸው ነገረችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ለቱሪስት ጌጥ የሚሠራ አንድ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሥራችን ብርና ቀንድ ነበር። ኋላ ባለቤቱ ከጣሊያን የብርጭቆ ዘንግ አስመጣና በጋዝ እሳት ዶቃ መሥራት ጀመርን። ከውጭ የመጣ አንድ አሠልጣኝ ዘንጉን ማቅለጥና ጭቃ በተቀባ ቀጭን ብረት ላይ መጠምጠም አሳይቶን ሄደ። ስለ ቀለም ብዙም አላወራም። ሰማያዊውና አረንጓዴው እንደገቡ ስለሚወጡ እኛም አልጠየቅንም።

አብራን አንዲት ልጅ ትሠራ ነበር። ከወለቃ በኩል የመጣች ናት፤ እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እጇ ልዩ ነው። የዶቃ ጥሩነት የሚታወቀው ከቀዳዳው ጫፍ ነው። ጫፉ ስለት ካለው ክሩን ይበጥሳል። የእሷ ዶቃ ግን በሁለቱም በኩል እንደ እምብርት ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነበር። ከመካከላችን እንደዚያ መሥራት የሚችል ሰው አልነበረም።

ለጥምቀት እንግዶች ይሸጣል ተብሎ ቀይ የአንገት ዶቃ ታዘዘ። ሥራው ለእሷ ተሰጣት። ቀዩ ዘንግ እሳት ሲነካው ቀለሙ ጠፋ። ዶቃው ጥርት ብሎ ወጣ። ደገመችው፤ ያው ነው። እሳት ያነሰው መስሏት ጨመረች፤ ይኸው ነው። ሁላችንም ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ቀረች። ጠዋት ባለቤቱ መጥቶ ትሪውን አየ። በሰው ፊት «ብርጭቆዬን አቃጥለሽ ጨረስሽው» አላት። የዘንጉን ዋጋ ከደመወዟ እንደሚቆርጥ ነገራት፤ ዶቃዎቹን ጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ ከተታቸው። አንድ ቃል አልመለሰችም። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። መተማ ሄደች ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አንዷ ዶቃ ጠረጴዛ ሥር ተንከባላ ቀርታ ነበር። አነሳኋት። የፈለግኳት ለጫፎቿ ነው፤ አይቼ ልማርባት። መሳቢያዬ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆየች።

ያኔ ዶቃ የምናበርደው ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብረን ነበር። የራሴን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ግን ዲግሪው የሚነበብ የኤሌክትሪክ ምድጃ አገኘሁ። አንድ ቀን አዲስ የሠራኋቸውን ዶቃዎች ስከት ያቺንም አብሬ ከተትኳት። ምድጃው ቀስ እያለ ወደ 520 ዲግሪ ወጣ፤ እዚያ ቆየ፤ ሌሊቱን ሙሉ በረደ። ጠዋት ስከፍተው መሀላቸው አንዲት ቀይ ዶቃ አለች። እኔ ቀይ አልሠራሁም። አገላብጬ ጫፎቿን ሳይ አወቅኳት።

ልጅቷ ያበላሸችው ነገር አልነበረም። የተጣለው ገና ያላለቀ ሥራ ነበር። ወደ መተማ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቃት የለም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዶቃዋን ባሳያት ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙው ቀይ ዘንግ ውስጥ ካድሚየምና ሴሌኒየም የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ በሮዙና በወይን ጠጁ ውስጥ ወርቅ። ብርጭቆው በደንብ ሲቀልጥ እነዚህ ሟሙተው ይበተናሉ፤ ቀለሙም ይጠፋል። በረድ ሲል መሰባሰብ ይጀምራሉ። እንደገና ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ያድጋሉ፤ ልካቸው ላይ ሲደርሱ ቀዩ ይመጣል። ከልክ ካለፉ የደፈረሰ ቡናማ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ላይ የወርቁ ቀይ ቀለም ከቅንጣቶቹ ደቃቅነት እንደሚመጣ አስረድቷል። ባለሙያዎቹ ግን ከእሱ እጅግ ቀድመው ሠርተውበታል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የሊኩርጉስ ዋንጫ የሚባል የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን ብርጭቆ አለ። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከጀርባ ሲያልፍበት ቀይ ነው። ሥራው ውስጡ ያለው የወርቅና የብር ቅንጣት ነው። ያን የሠራው ሰው ስለ ቅንጣት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዓይኑን አምኖ ነው የሠራው።

እህቴ፣ አሁኑኑ ሄደሽ የጣልሻቸውን ልቀሚያቸው። ያልተሰነጠቁትን ለይተሽ ቀዝቃዛ ምድጃ ውስጥ ደርድሪያቸው፤ እንደ እኔው ምድጃ ቀስ ብሎ ወደ 520 ዲግሪ ይሙቅ። በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትይዣቸው፣ ይፈነዳሉ። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ በሩን አትክፈቺ፤ ጡቡ ሙቀቱን ይዞ በዝግታ ይበርዳል። ሁሉም ባይቀላ እንኳ ብዙው ይመጣል።

ለሚቀጥለው ደግሞ ቅርጹ ሲያልቅ ዶቃውን ከእሳት አውጪው። የጋለው ብርሃን ከውስጡ እስኪጠፋ ጠብቂ፤ ብዙ አታቆይው፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ራቅ ወዳለው፣ ለብ ወዳለው የነበልባል ጫፍ እያሽከረከርሽ መልሺው። ቀለሙ ሲመጣ ታዪዋለሽ። ካልመጣ እንደገና አብርደሽ ድገሚ። የልጆቹ ስህተት መጠበቂያው ላይ ነው። ስልክ ላይ የምታዩት ቪዲዮ ዶቃው ሲቀላ ያሳያል፤ ሠሪው እጁን ይዞ ሲጠብቅ ግን አያሳይም፤ ቆርጠውታል። የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም፤ ይህን ፊት ለፊት እነግራችኋለሁ።

አጎቴ ብር ሠሪ ነበር። ሱቁ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ይሠራል፤ ደንበኛ ሲያጉረመርም አይሰማም። ልጅ ሆኜ ሰው እንዳያየው የሚደበቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ማየት ስላለበት ነው። ዶቃም እንደዚያው ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ ዶቃው ይጋል ይብረድ አይለይም። ጥላ ያለበት ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ጭሱ እንዲወጣ መስኮቱን ግን አትዝጉት። ስለ መነጽር የምታውቁትን አልደግምም። አንድ ነገር ብቻ፦ ብርጭቆው ሲግል ከውስጡ ሶዲየም የሚወጣውን ቢጫ ነበልባል የሚያጠፋላችሁ የዲዲሚየም መነጽር የዶቃውንም ቀለም ይለውጥባችኋል። ቀላ ወይስ አልቀላም የምትሉት ዶቃውን ከእሳት አርቃችሁ መነጽሩን ከፍ አድርጋችሁ ይሁን።

ትዕግሥት የላችሁም ብያለሁ። ይህች ልጅ ግን ለማታውቀው ሽማግሌ ጽፋ ጠየቀች። በእኛ ጊዜ እንዲህ ደፍሮ የጠየቀ የለም። ከእኛ ትሻላላችሁ።

ብር ያለበት ዘንግ የገዛችሁ ደግሞ እሳታችሁን እዩ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። አየር ከክፍሉ የሚስብ ቶርች (የጋዝ እሳት ማውጫው) እዚህ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ነበልባሉም ቢጫ ጫፍ ያወጣል። እንዲህ ያለው እሳት የብሩን ዘንግ ላዩን ግራጫ ያለብሰዋል፤ ቀለሙ ከሥር ታፍኖ ይቀራል። ጋዙን ቢጫው ጫፍ እስኪጠፋ ድረስ ቀንሱት፤ ሥራው ትንሽ ይዘገያል። ቀለሙ ሲመጣ የዘንጉን ቁጥርና ጋዙ የት ድረስ እንደተከፈተ ደብተር ላይ ጻፉ።