ካውንቲው ፐርሚት አይጠይቅም ያለህ ጎረቤት ግማሹን ነው የነገረህ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ኮሎራዶ ከዴንቨር ራቅ ብሎ 5 ኤከር ገዝተሃል፣ ትንሽ ቤት ልትሰራበት ነው፣ ጎረቤትህ ደግሞ "እዚህ ማንም አይጠይቅህም፣ ቱቦህን ዝም ብለህ ቅበር" ብሎሃል፣ እውነት ነው ወይ ነው ያልከው።

ወጣ ያሉት ካውንቲዎች አንዳንዶቹ የቤት ግንባታ ፐርሚት እውነትም የላቸውም። ግን ኮሎራዶ ላይ ካውንቲው የራሱ የፕላምቢንግ (የውሃና የፍሳሽ ቱቦ ስራ) ኢንስፔክሽን ከሌለው ነገሩ ወደ ስቴቱ ነው የሚሄደው፣ ፐርሚቱን የሚሰጥህም ኢንስፔክተር የሚልክልህም ስቴቱ ነው። ስለዚህ ካውንቲ ስትደውል "ፐርሚት ያስፈልጋል ወይ" አትበል፣ ስልክ ያነሳው ሰው ስለ ቤቱ የጠየቅከው መስሎት "አያስፈልግም" ብሎህ ይዘጋዋል። "ፕላምቢንጉን መጥቶ የሚያየው ማነው?" በለው።

ራስህ መስራት እችላለሁ ወይ ላልከው፣ አዎ፣ የራስህ መኖሪያ ከሆነ ላይሰንስ አይጠይቁህም፣ ፐርሚትና ኢንስፔክሽኑ ግን አይቀርልህም። ስጨርስ ኤርቢኤንቢ አደርገዋለሁ ካልክ ግን ሌላ ነው፣ የሚከራይ ቤት ላይ ላይሰንስ ያለው ሰው ነው መስራት ያለበት።

ውሃውና ሴፕቲኩ (የቤቱን ፍሳሽ ግቢህ ውስጥ የሚቀበለው ታንክና ማስረጊያ) ደግሞ ለየብቻ ናቸው፣ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚምታታበት። የጉድጓድ ውሃ ፐርሚት ከስቴቱ የውሃ መስሪያ ቤት ነው፣ ያንተ መሬት ከ35 ኤከር በታች ስለሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱልህ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ ውጪ ማጠጣት የለም። ጎመንና ጌሾ እተክላለሁ ብለህ ካሰብክ መጀመሪያ ፐርሚቱ ላይ የተፃፈውን አንብብ። ሴፕቲክ የካውንቲው ጤና ቢሮ ስራ ነው፣ እነሱ ሳይፈቅዱ መሰረት አታውጣ፣ ምክንያቱም አፈሩ ታይቶ ነው ፍሳሹ የት እንደሚገባ የሚወሰነው፣ ከውሃ ጉድጓዱ ታንኩ 50 ጫማ፣ ፍሳሹ አፈር ውስጥ የሚገባበት ቦታ ደግሞ 100 ጫማ መራቅ አለበት፣ የጎረቤትም የውሃ ጉድጓድ ይቆጠራል። ቤቱን መሀል ላይ ካቆምክ በኋላ ቦታ ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ?

አሁን ወደ ስራው። ኢንስፔክተሩ ሳያይ ምንም አትቅበር። አንድ የማውቀው ልጅ ቅዳሜና እሁድ ጓደኞቹን ሰብስቦ ቱቦውን ዘርግቶ አፈሩን መልሶ ጠቅጥቆ ጨረሰ፣ ከዛ አውጣው ተባለ፣ ጃንዋሪ ላይ፣ መሬቱ እንደ ድንጋይ ሆኖ። አካፋ አልገባ ብሎት ማሽን ተከራየ። የፍሳሹን መስመር ጫፉን ዝጋና ከላይ 10 ጫማ ከፍታ ያለው ቱቦ ቀጥለህ ውሃ ሙላው፣ 15 ደቂቃ ሳይወርድ መቆም አለበት፣ ኢንስፔክተሩን ከመጥራትህ በፊት አንተ ቀድመህ ሞክረው። ተዳፋቱን በዓይን አትገምት፣ 2 ኢንች ቱቦ ለእያንዳንዱ ጫማ ሩብ ኢንች መውረድ አለበት፣ 3 እና 4 ኢንቹ ቢያንስ የሩብ ኢንች ግማሽ፣ ውሃ ልክ ይዘህ እየለካህ ሂድ።

ኢንስፔክተሩ እሺ ሲልህ ደግሞ ከመድፈንህ በፊት ሜትር ዘርግተህ ከቤቱ ጥግ ያለውን ርቀት እያሳየህ ፎቶ አንሳው፣ ከ5 ዓመት በኋላ አጥር ለመትከል ስትቆፍር ትፈልገዋለህ።