ተበድረሽ አትግዢ፦ ለእህቴ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ ስልኳን አቀበለችኝና «ጋሼ፣ ገበያው ወርዷል፤ ተበድሬ አክሲዮን ልግዛ? ዋረን ባፌት እኮ ሰው ሲፈራ ግዙ ነው የሚለው» አለችኝ። ባፌት አክሲዮን በመግዛት የከበረው አሜሪካዊ ባለሀብት ነው። አክሲዮን የምትገዛበት መተግበሪያ ብድሩን አንድ ቁልፍ ስትነካ ይሰጣታል። ወለዱን አየሁት። ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አነበብኩ፤ የገዛችው አክሲዮን ዋጋ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ድርጅቱ እሷን ሳይጠይቅ ሊሸጥባት ይችላል ይላል።

«አይሆንም» አልኳት። ለምን እንደማይሆን ግን እዚያው ላስረዳት አልቻልኩም፤ አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ሆዴ ባባ። ስለዚህ ለእሷም፣ እሷን ለመሰላችሁ ወጣቶችም በጽሑፍ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ዋሽንግተን አካባቢ የወገኖቻችንን ታክስ ስሠራ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ከደንበኞቼ አንዱ፣ በኋላም ከወንድም የማልለየው ወዳጄ፣ መሀል ከተማ 15ኛው መንገድ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ገንዘብ ተቀባይ ነበር። የድሮው የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ሕንፃ ከእሱ ብዙም አይርቅም። በዚያ ባለፍን ቁጥር ስለ ባፌት እነግረው ነበር። በ1973 ገበያው ሲወርድ ባፌት የጋዜጣውን ኩባንያ አክሲዮን በ10.6 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ገበያው ያኔ ለመላው ኩባንያ የሰጠው ዋጋ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ጋዜጣው፣ ኒውስዊክ መጽሔትና የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ለሚፈልጋቸው ቢሸጡ ግን በባፌት ስሌት ከ400 ሚሊዮን በታች አያወጡም። እሱ ከገዛ በኋላም ዋጋው መውረዱን ቀጠለ። ባፌት አልሸጠም።

ወዳጄ ይህን ታሪክ ይወደው ነበር። ባፌት በየዓመቱ ለኩባንያው ለበርክሻየር ባለአክሲዮኖች ይጽፈው የነበረውን ደብዳቤ እያተምኩ እሰጠዋለሁ፤ መኪና በማይበዛበት ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ካለችው ጠባብ ክፍል ሆኖ ያነበዋል። ያልገባውን በእርሳስ አስምሮበት ይመጣል። አንድ ቀን በርክሻየር ስላሉት የኢንሹራንስ ድርጅቶች የተጻፈውን ገጽ ይዞ መጣ። የኢንሹራንስ ደንበኛ ዛሬ ይከፍላል፤ ካሳው የሚከፈለው ግን ቆይቶ፣ አንዳንዱም ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ገንዘቡ በባፌት እጅ ይሠራል። ላስረዳው ስጀምር «ገብቶኛል» አለኝ። «የወር ደንበኞቻችን ማለት ናቸው። ወሩ ሲገባ ይከፍላሉ፤ መኪናቸውን የሚያቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ በዚያ ገንዘብ ነው የኛን ደመወዝ የሚከፍለው።» ሒሳብ ተምረው ይህ ነገር ያልገባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላም ጊዜ የአሜሪካን ኤክስፕረስን ታሪክ ነገርኩት። በ1963 የክፍያ ካርድ የሚያወጣው ይህ ኩባንያ ሌሎች በፈጸሙት የምግብ ዘይት ማጭበርበር ተጎድቶ አክሲዮኑ ሲወድቅ፣ ባፌት ኦማሃ ወደሚገኝ ሮስ የሚባል ስቴክ ቤት ሄዶ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ቆሞ ሰው አሁንም በካርዱ ይከፍል እንደሆነ ተመለከተ። ሰው መክፈሉን አላቆመም፤ ባፌትም ገዛ። ወዳጄ ይህን በሰማ ሳምንት ደንበኞቹ የሚከፍሉባቸውን ካርዶች በየዓይነታቸው ቆጥሮ በጋራዡ ደረሰኝ ጀርባ ጽፎ አመጣልኝ። ያን ደረሰኝ እስካሁን አልጣልኩትም።

ይህን ሁሉ የምተርከው ቀጥሎ የመጣውን ካለማወቅ የመጣ ነው እንዳትሉ ብዬ ነው።

በ2006 እንደ ብዙዎቹ ወገኖቻችን ሁለተኛ ቤት ገዛ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከከተማው ራቅ ብሎ። ብድሩ ወለዱ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚለወጥ ዓይነት ነበር። ያን ጊዜ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም የሚወራው የቤት ዋጋ ነው። በ2008 የወር ክፍያው አሻቀበ፤ ተከራዩ ለቀቀ፤ የቤቱ ዋጋ ከዕዳው በታች ስለወረደ ሸጦ መገላገልም አልተቻለም። በኦክቶበር ባፌት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ በግል ገንዘቡ የአሜሪካ አክሲዮን እየገዛ እንደሆነ ጻፈ። ወዳጄ ጽሑፉን ቆርጦ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ገበያው ግን ከዚያም በኋላ ለወራት ወረደ።

በማርች 2009 የጡረታ ቁጠባውን፣ ፎር-ኦ-ዋን-ኬውን፣ ለማውጣት የሚሞላውን ቅጽ ይዞ ቢሮዬ መጣ። የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በዚያ ወር በ9ኛው ቀን 676 ላይ ነበር የዘጋው፤ በ2007 ከደረሰበት ከፍታ ከግማሽ በላይ ወርዶ ማለት ነው። ዕድሜው 59 ከመንፈቅ ስላልሞላ ከገቢ ታክሱ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለበት። አበዳሪው ባንክ ክፍያውን እንዲያስተካክልለት ቀደም ብለን ጠይቀን ነበር፤ ሰነድ አምጡ ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም። የሚቆረጠውን ሁሉ ደምሬ በወረቀት ላይ አሳየሁት። ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች አነበበው። «ርካሽ ላይ እየሸጥኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ባንኩ ግን ይህን አያውቅልኝም» አለኝና ፈረመ።

ቤቱም በመጨረሻ ተወሰደበት። ገበያው በዚያው ዓመት ማብቂያ 1,115 ደረሰ፤ በ2013 የድሮውን ከፍታ አልፎ ሄደ። እሱ የጡረታ ዕድሜው ካለፈ በኋላም የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ቆየ፤ አሁን በሕይወት የለም። ሳያውቅ ሸጦ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር። ባፌት የሚያስተምረውን ተምሮ፣ አክሲዮኑ ርካሽ መሆኑን አውቆ፣ ያውም ጽሑፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነው የሸጠው። ዕውቀቱ አልረዳውም፤ ዕዳው ቀድሞታል።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በጋራዥ ሠራተኛ ላይ ብቻ አይደለም። ባፌትና የሥራ አጋሩ ቻርሊ ማንገር በቀድሞ ዘመናቸው ሪክ ጌሪን የሚባል አብሯቸው የሚገዛ ባልንጀራ ነበራቸው። በብልኅነት የሚያንሳቸው አልነበረም። ሞኒሽ ፓብራይ የተባለው ባለሀብት ከባፌት ጋር ምሳ ቀርቦ የሰማውን ሲተርክ፣ ጌሪን ተበድሮ አክሲዮን ይገዛ ስለነበር በ1973 እና 1974 ውድቀት አበዳሪዎቹ ክፈል አሉት፤ የበርክሻየር አክሲዮኖቹን እያንዳንዳቸውን ከ40 ዶላር በታች ለራሱ ለባፌት ሸጠለት። አንዱ አክሲዮን በ2025 ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ አይተናል።

በርክሻየርም ራሱ ሳይወድቅ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ባፌት በ2017 ደብዳቤው እንደዘረዘረው አክሲዮኑ አራት ጊዜ ከ37 እስከ 59 በመቶ ወርዷል፤ ከነዚህ አንዱ ወዳጄ ቅጹን በፈረመበት ወቅት የሆነው የ50.7 በመቶ ውድቀት ነው። ባፌትን ግን ሽጥ ብሎ የሚያስገድደው አልነበረም። ይልቁንም በሴፕቴምበር 2008 ጎልድማን ሳክስ ገንዘብ ሲቸግረው 5 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶ በዓመት 10 በመቶ የሚከፈልበት አክሲዮን ወሰደ። ብዙ ወጣቶች ከእሱ የሚማሩት ርካሹን መለየት ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት መማር ያለባችሁ ማንም የማያስገድደው ሰው ሆኖ መቆየትን ነው እላለሁ። ርካሽ ነገር ከርካሽነቱ እስኪወጣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ እነዚያን ዓመታት መጠበቅ የሚችል ገንዘብ ከሌላችሁ ትክክል መሆናችሁ ምንም አያደርግላችሁም።

ከእናንተ ነቃ ያለው «እሱስ በሰው ገንዘብ አይደል የሚሠራው?» ይለኛል። እውነት ነው። በ1967 ናሽናል ኢንደምኒቲ የተባለውን የኢንሹራንስ ድርጅት በ8.6 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ ጀምሮ በአረቦን ገንዘብ ሠርቷል። ነገር ግን ያ ገንዘብ ባለቤቶቹ አንድ ጠዋት ተነሥተው በሙሉ መልስ የሚሉት አይደለም። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ያለው ብድር ግን ገበያው በወደቀበት ዕለት ነው የሚጠየቀው።

እናንተ ከእኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ። እኛ አንድ ዓመታዊ ሪፖርት ለማግኘት ደብዳቤ ጽፈን ፖስታ እንጠብቅ ነበር፤ እናንተ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ታገኙታላችሁ። የሚያሳዝነኝ ከፍታችሁ የማታነቡት መሆኑ ነው። የባፌትን ጥቅሶች በቃላችሁ ትወጣላችሁ፤ ቴሌግራም ላይ ትቀባበላላችሁ፤ የአንድ ኩባንያ ዕዳ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም ነው። ቆጥቡ፣ አታባክኑ የሚለውን አልጽፍላችሁም፤ ይህንን እናቶቻችሁ ከእኔ በተሻለ ነግረዋችኋል።

አክሲዮን መምረጡንም ለአብዛኞቻችሁ አልመክርም። ባፌት ከ2008 እስከ 2017 አንድ ውርርድ ነበረው፤ በእሱ በኩል የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም ሳይመርጥ በመለኪያው ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች በሙሉ የሚገዛ የጋራ ገንዘብ፣ በሌላ በኩል በባለሙያ የተመረጡ አምስት ፈንዶች። በአሥር ዓመቱ ኢንዴክሱ 125.8 በመቶ አተረፈ፤ ከአምስቱ ምርጥ የተባለው 87.7 ላይ ቀረ፣ የመጨረሻው 2.8። ለባለቤቱ ከሚተወው ጥሬ ገንዘብም 90 በመቶው እንዲህ ባለ ፈንድ እንዲቀመጥ ማዘዙን ጽፏል። እንግዲህ ኢንዴክስ ፈንድ ግዙ ብያችሁ መልሼ ደግሞ የኩባንያ ሪፖርት አንብቡ ማለቴ አይጣጣም ይሆናል። ሁለቱንም ነው የምላችሁ። ወዳጄ ያንን ገጽ ይዞ በመጣበት ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ኢንዴክስ ፈንድ አይሰጥም፤ የሚሠሩበትን ቤት እንኳ ገንዘብ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት የሚችል ሰው ሌላ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁት ደግሞ፦ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ተከፍቷል፤ ባንኮችም አክሲዮናቸውን እያስመዘገቡ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ። ነገር ግን ገና አዲስ በሆነ ገበያ ገዥ በፈለጋችሁት ቀን ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የዕቁብ ዕጣ የወጣለት ቀሪውን ዙር እየከፈለ፣ ወይም ከዘመድ የተበደረ ለመስቀል ሊመልስ ቃል ገብቶ አክሲዮን ቢገዛ፣ ችግር በመጣ ቀን ከወዳጄ የባሰ ይጨነቃል፤ እሱ ቢያንስ ገዥ አላጣም። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ስታገኙ የቦርድ ሰብሳቢውን መልእክትና ፎቶግራፎቹን እለፏቸውና ወደ ኋላ፣ ወደ ሒሳብ መግለጫው ማብራሪያዎች ሂዱ። እዚያ ባንኩ የሚከፍለውና የሚሰበስበው ገንዘብ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚደርስ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። የመጀመሪያውን ዓምድ፣ በቅርብ ጊዜ የሚከፈለውን፣ ካለው ጥሬ ገንዘብ ጋር አስተያዩት። ያልገባችሁን በእርሳስ አስምሩና ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።