በዕረፍት ቀንሽ ለሚደወልልሽ ስልክ

ውድ እኅቴ፣

በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት መሥራት ከጀመርሽ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንደሆነሽ፣ ባለፉት 6 ሳምንታት ከነበሩሽ 12 የዕረፍት ቀናት 7ቱን ተጠርተሽ በሥራ እንዳሳለፍሽ፣ ከእነዚህም ሁለቱ ከሌሊት ተራ በወጣሽበት ዕለት እንደነበሩ ጽፈሽልኛል። ማትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) «በሽተኛ ጥሎ የሚቀር ነርስ የሙያ ፈቃዱን ያጣል» ካለችሽ ወዲህ ስልኩ ሲጮኽ ልብሽ እንደሚደነግጥም ነግረሽኛል። ከዚያም ነርስነትን ትተሽ ኮምፒውተር ብትማሪ፣ ወይም ለሁለተኛ ዲግሪ ብታመለክቺ፣ ወይም አባትሽ እንደሚሉት «ከአለቃ ጋር ሳትጋጪ» ብትቀጥዪ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀሻል። የታናናሾችሽ የትምህርት ክፍያ ከትርፍ ሰዓቱ ገንዘብ እንደሚወጣም አልደበቅሽም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን በደብዳቤሽ መጨረሻ በአንድ መስመር ያለፍሽው ጥያቄ ነው፤ «እምቢ ብል መጥፎ ነርስ እሆናለሁ ወይ?» ብለሻል። አትሆኚም። መልሴን በዚህ ጥያቄ ላይ የማበዛው፣ እሱ ግልጽ ሳይሆንልሽ ስለ ኮምፒውተሩም ሆነ ስለ ዲግሪው የምትወስኚው ውሳኔ የፍርሃት ውሳኔ እንዳይሆን ስለምሰጋ ነው።

በመጀመሪያ፣ ታካሚን ጥሎ መሄድ በሙያችን የታወቀ ትርጉም ያለው ከባድ ጥፋት ነው። አንዲት ነርስ ርክክብ አድርጋ የታካሚዎቹን ኃላፊነት ከተቀበለች በኋላ፣ ለሚተካት ሰው ሳታስረክብና ሳታሳውቅ ስትሄድ የሚፈጸም ጥፋት ነው። በዕረፍት ቀኗ ቤቷ ያለች ነርስ ግን የተረከበችው ታካሚ የለም፤ ያልተረከበችውን ደግሞ ልትጥል አትችልም። የካሊፎርኒያ ግዛት የነርሶች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ተጨማሪ ተራ አልሠራም ማለት ታካሚን ጥሎ እንደመሄድ እንደማይቆጠር በጽሑፍ አሳውቋል። በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነርስን ከተመደበላት ሰዓት በላይ ማስገደድን ከልክሎ፣ ክልከላው የማይሠራባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ አስቀምጧል፤ እነሱም የጤና አደጋ፣ በመንግሥት የታወጀ አስቸኳይ ሁኔታ፣ አስቀድሞ ሊታወቅ ያልቻለ የታካሚ ድንገተኛ ፍላጎት፣ እንዲሁም ተጀምሮ ያላለቀ ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ የሕክምና ሥራ ናቸው። እነዚህ ደንቦች አንቺ ባለሽበት ላይሠሩ ይችላሉ፤ የቃሉን ትርጉም ግን በግልጽ ያሳያሉ። ስለዚህ ከማንም አፍ ከመስማትሽ በፊት የአገርሽ ፈቃድ ሰጪ አካል ያወጣውን የሥነ ምግባር ደንብና የፈረምሽውን የሥራ ውል አውጥተሽ፣ ስለ ትርፍ ሰዓትና ስለ ዕረፍት ቀን የሚለውን ቃል በቃል አንብቢ። ፈቃድን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ያ አካል ነው፤ ማትሮን ሪፖርት ልታደርግ ትችል ይሆናል፣ ፈቃድሽን ግን በስልክ ልትነጥቅሽ አትችልም። ቀጣሪሽ ግን በውሉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ሊጽፍ የሚችልበት ሁኔታ ሊኖር ስለሚችል፣ ውሉን ሳታነቢ እምቢ እንድትዪ አልመክርሽም።

ይህን ስል ድንገተኛ ነገር አይኖርም ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው የተጎዳበት አደጋ ሲደርስ፣ ወረርሽኝ ሲነሣ ወይም ተረኛዋ ነርስ በሥራ ላይ እንዳለች ስትታመም የተጠራ ነርስ ሊሄድ ይገባዋል፤ እኔም ሄጃለሁ፣ አንቺም ሂጂ። በ6 ሳምንት 7 ጊዜ የሚደርስ ነገር ግን ድንገተኛ አይባልም። ለመለየት የምጠቀምበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የተራ ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ክፍተቱ ይታወቅ ነበር ወይ? የወሊድ ፈቃድ የወጣችው ባልደረባሽ የምትወጣበት ቀን ከወራት በፊት ይታወቃል፤ የለቀቁት ሁለት ነርሶችም የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብተው ነው የሄዱት። በእነሱ ቦታ ሰው ሳይተካ ፕሮግራሙ ከተለጠፈ፣ ክፍተቱ ገና ከጅምሩ በአንቺ የዕረፍት ቀን እንዲሞላ ታስቦለታል ማለት ነው።

ይህን በእርግጠኝነት የምጽፈው ስልኩን ስቀበልም ስደውልም ስለኖርኩ ነው። ለ7 ዓመት በውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ፣ ለ4 ዓመት ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ የተራ ፕሮግራም አወጣ ነበር። ሰው ሲጎድልብኝ የስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አልደውልም ነበር፤ በቀጥታ እምቢ ወደማይሉት ሦስት አራት ልጆች ነበር የምደውለው። አንዷ ወራት እንዲህ ከሠራች በኋላ አንድ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። የዚያን ዕለት ፕሮግራሙን ወደ ኋላ ስቆጥር በ8 ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን አከታትላ ያረፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ለበላይ አካል በየወሩ የላክሁት ሪፖርት ግን «ሁሉም ተራዎች ተሸፍነዋል» ይል ነበር። በእኔ ቸልተኝነት አንዲት ጥሩ ነርስ ከሙያው ወጥታለች፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ የነርስ እጥረት በዕረፍት ቀን በተጠሩ ነርሶች ሲሞላ ከወረቀት ላይ እንደሚጠፋ ነው። ክፍት የሥራ መደቡ በሪፖርት ካልታየ ቅጥር የሚጠይቅ አይኖርም፤ ቅጥር ካልመጣ የደከሙት ይለቃሉ፤ እነሱ ሲለቁ ደግሞ ለቀሩት የሚደወለው ስልክ ይበዛል።

ስለ ድካሙም ልንገርሽ፤ «ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ» ብለሻልና። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 393 ነርሶች በየቀኑ የሠሩትን ሰዓትና የፈጸሙትን ስሕተት በመዝገብ እንዲይዙ አድርጎ ነበር፤ ተራቸው 12 ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ስሕተት የመፈጸም ዕድላቸው ወደ 3 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚደክም አሳይቷል። ከሌሊት ተራ ወጥተሽ በዚያው ቀን ስትጠሪ ከዚህ ቁጥር ማለፍሽን ራስሽ ማስላት ትችያለሽ። እኔ ራሴ በተከታታይ ስድስተኛ ቀኔ ላይ ኢንሱሊን ይዤ የተሳሳተ አልጋ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ታካሚዋ «እኔ እኮ ስኳር የለብኝም» ባትለኝ ኖሮ እወጋት ነበር። ታካሚዋ ተኝታ ወይም በማደንዘዣ ላይ ሆና ቢሆን ማን ይነግረኝ ነበር? ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ያወጣው የሥነ ምግባር መመሪያም ነርስ የራሷን ጤና እንድትጠብቅ የሚያዝዘው፣ ይህ ሲጓደል የምትሰጠው እንክብካቤ ስለሚጓደል ነው።

የማትሮኗ ክርክር ግን ሐሰት ብቻ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ነርስ ሲጎድል ታካሚ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ በቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ አንቺ ባለመሄድሽ ባልደረቦችሽ ላይ ሸክም እንደሚጨምር ሲሰማሽ ስሜትሽ ልክ ነው። ስሕተቱ ያለው ይህን ሸክም የማቃለል ኃላፊነት የማን እንደሆነ በማደባለቁ ላይ ነው። የሰው ኃይል ማሟላት የአስተዳደሩ ሥራ ነው፤ የአንቺ ሥራ በተመደብሽበት ሰዓት ንቁ ሆነሽ መገኘት ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ዕረፍትሽ ያስፈልግሻል።

ታዲያ ምን ታደርጊ? በስልክ አትከራከሪ፤ በጽሑፍ ጠይቂ። የ6 ሳምንቱን ተራዎች በሙሉ ቀኑን፣ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት፣ ማን እንደደወለልሽና የተሰጠሽን ምክንያት ጭምር በአንድ ገጽ ላይ አስፍሪ። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ባልደረቦችሽን ጋብዢና የእነሱም ይካተት፤ አንዲት ነርስ ስትናገር ጠባይዋ ይነሣል፣ አራት ሆነው ሲናገሩ ግን የሚነሣው ፕሮግራሙ ነው። የነርሶች ማኅበር ወይም የሠራተኛ ማኅበር ካለ ቅጂ ስጡ። የምትጠይቁት ነገር በልክ ይሁን፦ ተጨማሪ ተራ መጀመሪያ ለፈቃደኞች ይቅረብ፤ ፈቃደኛ ሲጠፋ በዙር ይድረስ እንጂ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ አይውደቅ፤ ከሌሊት ተራ የወጣ በዚያው ቀን አይጠራ፤ የተወሰደ የዕረፍት ቀን ከክፍያው በተጨማሪ በሌላ ቀን ይመለስ፤ ክፍት የሥራ መደቦችም በወርኃዊው ሪፖርት በቁጥር ይገለጹ። የመጨረሻውን በተለይ እንዳትተዉት።

ይህ ከሰማይ የወረደ ጥያቄ እንዳልሆነ ለማሳየት፣ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ነርሲንግ ሠራተኞች ያጸደቀውን ውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 157ን ጥቀሱ። በተራዎች መካከል ቢያንስ 12 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ የአንድ ቀን ሥራ ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የሳምንት ዕረፍት በማናቸውም ሁኔታ ካልተቋረጠ 36 ሰዓት እንዳያንስ፣ ነርሶችም የግልና የቤተሰብ ሕይወታቸውን ማደራጀት እንዲችሉ ፕሮግራማቸው በቂ ጊዜ ሲቀረው እንዲነገራቸው ይላል። ውሳኔ ሐሳብ እንደ ሕግ አያስገድድም፤ ነገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት መንግሥታት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች ተወያይተው የተቀበሉት ልክ በመሆኑ፣ ጥያቄያችሁን የስንፍና ጥያቄ ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። አባትሽ ስለ አንቺ እንደሚሰጉ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ የሚተዳደረው በደመወዝሽ ብቻ ሳይሆን በዕረፍትሽም ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ ተነጋግሮ አልወሰነውም። የትምህርት ክፍያው በትርፍ ሰዓት ገንዘብ ላይ ስለተመሠረተ፣ ሆስፒታሉ መጥራቱን ቢያቆም እንኳ እቤት ያሉት «ለምን አልተጠራሽም?» ሊሉሽ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ከወር ደመወዝሽ ላይ ያለ ትርፍ ሰዓት ስንት ልትሰጪ እንደምትችዪ አስልተሽ፣ ያንን ቁጥር ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ የቀረውን እንዴት እንደሚሞሉት ቤተሰቡ ይምከር። ከታናናሾችሽ አንዱ ለሥራ የደረሰ እንደሆነ ጽፈሽልኛል፤ እሱም የሸክሙን ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ይህን በመናገርሽ ክፉ ልጅ አትሆኚም፤ ደክመሽ ከሙያው ብትወጪ ግን ደመወዙም ትርፍ ሰዓቱም አብረው ይቆማሉ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ስትጽፊልኝ ስለ ኮምፒውተር ያልሽው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ ስለ ቁስል እንክብካቤ ግን ሙሉ ገጽ ጽፈሻል፤ ስለዚህ የሰለቸሽ ፕሮግራሙ እንጂ ሙያው አይመስለኝም። ከመልቀቅሽ በፊት የክፍል ዝውውር ጠይቂ። የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል፣ የቁስል ክሊኒክ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ወይም የሠራተኞች ሥልጠና ክፍል በአብዛኛው ቀድሞ የታወቀ ሰዓት አላቸው። እኔም ተኝተው ከሚታከሙበት ክፍል ወደ ተመላላሽ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሥልጠና ስዛወር ነው እንቅልፌ የተመለሰልኝና ነርስነትን መልሼ የወደድሁት። ሁለተኛ ዲግሪውን ለአንድ ዓመት አቆዪው። ከማትሮኗ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳታጪ የምትፈሪው ደግሞ፣ አብሮሽ የሚሠራ ሐኪም ወይም የቀድሞ አስተማሪሽም ሊጽፍልሽ ስለሚችል ብዙ አያስጨንቅሽ።

ከማትሮኗ ጋር ሐሙስ ቀጠሮ እንዳለሽ ገልጸሻል። እስከዚያ ቆጠራውን ጨርሰሽ በሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንዱን ስጫት፣ በሌላው ላይ መቀበሏን አስፈርሚና ለራስሽ አስቀሪ። ብቻሽን አትግቢ። ከሐሙስ በፊት ከተደወለልሽና ከሌሊት ተራ የወጣሽበት ቀን ከሆነ፣ ውሉ ላይ ተቃራኒ ግዴታ እንደሌለ ካረጋገጥሽ በኋላ እንዲህ በዪ፦ «ዛሬ ጠዋት ከሌሊት ተራ ወጥቻለሁ፣ አልተኛሁም፣ ለታካሚ ደኅንነት ስል ዛሬ መግባት አልችልም፤ የሚቀጥለው ተራዬ በፕሮግራሙ መሠረት ነው።» ከዚህ በላይ ማብራሪያም ይቅርታም አትጨምሪ። የተባባልሽውንም ወዲያው በአጭር መልእክት ጽፈሽ ላኪላት። ሐሙስ ምን እንደተባለ ጻፊልኝ፤ ዝውውሩን የሚመለከተውን ማመልከቻ አብረን እናዘጋጃለን።