የቴሌስኮፕ መስታወት ከማዘዝህ በፊት ቁመትህን ለካ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ለተማሪዎቹ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ መሥራት ፈልጓል። የአክስቱ ልጅ ከውጭ ሲመጣ መስታወቱን በሻንጣ ያመጣለታል። መስታወት ሠሪው ግን አራት ነገር ወስነህ ላክልኝ ብሎታል፦ የትኩረት ርቀቱን (ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ቦታ ያለውን)፣ ውፍረቱን፣ የብርጭቆውን ዓይነትና ሽፋኑን። መምህሩ ወደ ኤፍ 6 አዘንብሏል። መስታወት ሲወፍር ይሻላል ሲባልም ሰምቷል። «አንተ ብረቱንም መስታወቱንም ስለምትነካካ ቁርጡን ንገረኝ» ይላል።

ወንድም ዓለም፣ ቁርጡን ልንገርህ። ኤፍ 6ን ተወው።

የኤፍ ቁጥር ማለት የትኩረት ርቀቱ ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል ነው። 40 ሴንቲ በኤፍ 6 የ2 ሜትር ከ40 የትኩረት ርቀት ይሰጥሃል። ቴሌስኮፑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ አይፒሱ፣ ማለትም ዓይንህን የምታስጠጋበት ሌንስ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከ30 ላይ ይሆናል። ይሄ መሰላል ነው። በጨለማና በደሴ ብርድ ተማሪው ተሰልፎ አንድ በአንድ መሰላል ሲወጣ አስበው። አንዱ ብረቱን ይዞ ሚዛኑን ሲጠብቅ ቴሌስኮፑ ይንቀሳቀሳል፣ ጁፒተር ከዓይኑ ይጠፋል፣ አንተ ወጥተህ ፈልገህ ትወርዳለህ፣ ቀጣዩ ሲወጣ ደግሞ ያው ነው።

«ፈረንጆቹ ኤፍ 6 ይሠሩ የለ እንዴ?» ትለኝ ይሆናል። ይሠራሉ። ግን እነሱ ካሉበት ፕላኔቶቹ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት፤ ቴሌስኮፑ ሲያዘነብል አይፒሱም ይወርድላቸዋል። እኛ በ11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን። ጁፒተርና ሳተርን የሰማይ መሐል ሲደርሱ በክፉ ዘመናቸው እንኳ ከ50 ዲግሪ በላይ ናቸው፤ በደጉ ጊዜ አናታችን ላይ ናቸው። የኦሪዮን ኔቡላ የሚባለው የሰማይ ጋዝ ደመና በጥር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም 73 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ማለትም ተማሪዎችህ ሊያዩ የሚጓጉለት ነገር ሁሉ አይፒሱ ከፍ ባለበት ሰዓት ነው የሚታየው። እዚህ አገር የቴሌስኮፕን ዲዛይን የሚወስነው ይሄ ከፍታ ነው ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

መስታወቱን በልክ ማሠራትህ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ በቆረጠልህ ኤፍ 4.5 ወይም ኤፍ 5 አትታሰርም። ሒሳቡ ቀላል ነው። የመስታወቱ ፊት ከመሬት 20 ሴንቲ ያህል ከፍ ይላል። ሰያፍ የምትቀመጠው ትንሿ መስታወት ብርሃኑን ወደ ጎን አውጥታ አይፒሱ ጋ እስክታደርሰው 30 ሴንቲ ያህል ትወስዳለች። ስለዚህ የአይፒሱ ከፍታ ከትኩረት ርቀቱ 10 ሴንቲ ያንሳል። አሁን ጫማህን አድርገህ ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፤ አንድ ሰው ከመሬት እስከ ዓይንህ ይለካህ። 10 ሴንቲ ጨምርበት። ያ ነው የምታዘው የትኩረት ርቀት። ዓይንህ 1 ሜትር ከ60 ላይ ከሆነ 1 ሜትር ከ70 እዘዝ፤ ኤፍ 4.25 ይወጣል። አጠር ላሉት ልጆች አንዲት ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ትበቃለች።

ዋጋው ግን አለ። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ከመሐል ራቅ ያሉ ኮከቦች ጅራት ያወጣሉ፤ ኮማ ይሉታል። ንጹሕ ሆኖ የሚታየው የመሐል ክብ ከኤፍ 6 ወደ ኤፍ 4.25 ስትወርድ ወደ ሲሶ ግድም ይጠብባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምሽት በፊት የሁለቱን መስታወቶች አቅጣጫ በጥንቃቄ ማስተካከል ግድ ነው። ፕላኔት መሐል ላይ ስለሚታይ ኮማው ብዙም አያስቸግርህም። የኮከብ ክምችት ዳር እስከ ዳር ጥርት እንዲልልህ ካማረህ ኮማ ማረሚያ ሌንስ በኋላ ትገዛለህ፤ አሁን አያስፈልግህም። ትንሿን መስታወት 80 ሚሊሜትር አድርጋት። ከዋናው ስፋት 20 በመቶ መሆኗ ነው። በኤፍ 6 ብትሄድ 60 ሚሊ ትበቃህ ነበር፣ የምትጋርደው ብርሃንም ያንስ ነበር፤ ግን ከመሰላሉ ጋር ሳወዳድረው ልዩነቱ አያጓጓኝም።

ወደ ውፍረቱ ልምጣ። ድሮ ውፍረቱ የስፋቱ አንድ ስድስተኛ ይሁን ይባል ነበር፤ ላንተ 66 ሚሊ ይሆናል። ሙቀት በሚችለው የፓይሬክስ ብርጭቆ 18 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ በሆነበት አውሮፕላን ማሸጊያውን ስትጨምርበት የአክስትህ ልጅ ተቸገረ ማለት ነው። በ40 ሚሊ ግን 11 ኪሎ ብቻ ነው።

ክብደቱ እንኳ ዋናው አይደለም። ዋናው ሙቀት ነው። ቀን ክፍል ውስጥ የዋለ መስታወት ማታ ወደ ውጭ ሲወጣ ከአየሩ ይሞቃል፤ ያኔ ሳተርን በከሰል ምድጃ ላይ አሻግረህ እንደምታየው ነገር ይርገበገባል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ መስታወቱ ተበላሽቷል ይላል። ብርጭቆ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ደግሞ በውፍረቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። 66 ሚሊው ከ40 ሚሊው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ያስጠብቅሃል። ደሴ ፀሐይ ስትገባ ብርዱ ቶሎ ነው የሚወርደው፣ ወፍራሙ መስታወት እኩለ ሌሊት ድረስ እያሳደደው ይኖራል፣ ተማሪ ደግሞ እስከዚያ አይቆይልህም። 40 ሚሊ ይሁን። ከኋላው ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን ግጠምለት፣ ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኘው። ከማየታችሁ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ውጭ ይቀመጥ።

የብርጭቆው ዓይነት ፓይሬክስ ወይም ሌላ ቦሮሲሊኬት ይሁን። ተራ የመስኮት ብርጭቆ ሲሞቅ የሚለጠጠው የእሱን ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ኳርትዝ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ላንተ ሥራ አይገባም። «እዚሁ ወፍራም የጠረጴዛ መስታወት ገዝቼ ባስፈጭስ?» ላልከው፣ ለ15 ሴንቲ ቢሆን አበረታታህ ነበር። በ40 ሴንቲ መሐሉ 6 ሚሊ ያህል መጎድጎድ አለበት። ከ800 ግራም በላይ ብርጭቆ ተፈጭቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቅርጹ በ70 ናኖሜትር ልክ መስተካከል አለበት። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

ስታዝ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገህ ጠይቅ። አንዳንድ ሠሪ የስህተቱን መጠን በመስታወቱ ገጽ ላይ ለክቶ ይጽፋል፤ ብርሃን ግን ሄዶ ስለሚመለስ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል። አንድ ስምንተኛ ሞገድ ተብሎ የተሸጠልህ አንድ አራተኛ ሆኖ ታገኘዋለህ። ቁጥሩ የዌቭፍሮንት (ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ስህተት) እንዲሆን፣ የምርመራ ወረቀቱም አብሮ እንዲመጣ በጽሑፍ ተስማሙ። ስትሬል ሬሾው (የጥራት መለኪያ ነው፤ ፍጹሙ 1 ነው) 0.95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ሽፋኑ መከላከያ የተቀባለት ተራ አሉሚኒየም ይበቃል። የብር ሽፋን ያበራል፣ ግን በደሴ ጉምና እርጥበት ቶሎ ይጠቁራል። ጤዛ ካረፈበት በሸሚዝ አትጥረገው። ራሱ ሲደርቅ ክደነው።

አሁን ወደ እኔ ሥራ። ቀጭን መስታወት በሦስት ነጥብ ላይ ከተቀመጠ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። 18 ነጥብ ስጠው። ከ3 ሚሊ ላሜራ ስድስት ሦስት ማዕዘን ቁረጥ፤ ሁለት ሁለቱን በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አጋድም፣ ሁሉም ልክ እንደ ሚዛን በነፃነት ይወዛወዙ። ሦስቱ ጠፍጣፋ ብረቶች በቱቦላሬ ፍሬም ላይ በሦስት ቡሎን ይቀመጣሉ። ነጥቦቹ የት እንደሚያርፉ ፕሎፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያሰላልሃል። መስታወቱን በሲሊኮን አታጣብቀው፣ በመያዣም አትጨቁነው። መያዣውና መስታወቱ መካከል ወረቀት ሳይያዝ ማለፍ አለበት።

ተጨቁኖ እንደሆነ ኮከብ ይነግርሃል። ደማቅ ኮከብ መሐል አድርገህ ፎከሱን ትንሽ አውጣው። ክቡ ሞላላ ከሆነና ፎከሱን በሌላው ጎን ስታወጣው ሞላላው በተቃራኒ ከተጋደመ አስቲግማቲዝም አለ፤ ገጹ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አልጎበጠም ማለት ነው። አሁን ዋናውን መስታወት በማስቀመጫው ላይ ሩብ ዙር አዙረህ በዚያው ጎን ደግመህ እይ። ሞላላው አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የብርጭቆው ነው፣ ለሠሪው ጻፍለት። ካልዞረ የብረቱ ነው። የትንሿንም መያዣ አብረህ ፈትሽ።

ሳጥኑን ከ18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ሥራው። ላዩን በአሉሚኒየም ቱቦ አድርገው፤ ተፈትቶ ሚኒባስ ላይ ይጫናል፣ በሐረጎ ወርደህ ኮምቦልቻ ላሉ ተማሪዎችም ታሳያለህ። መዞሪያው ላይ ግን ኩሽኔታ እንዳትገጥም። ብረት ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ኩሽኔታ ነው፣ እዚህ ግን ነፋስ ሲነካው ይሄድብሃል። ይሄን ቀላል የቴሌስኮፕ ማቆሚያ ያስፋፋው አሜሪካዊው ጆን ዶብሰን እንዳስለመደው ቴፍሎን ከሻካራ ፎርማይካ ጋር አድርግ። ስትገፋው ይሄዳል፣ ስትለቀው ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቅረኝ። የታዘዘ የትኩረት ርቀትና እጅህ የገባው አንድ ላይሆን ይችላል፤ አንድ ሁለት ሴንቲ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ መስታወቱ ሳይመጣ ቱቦ አትቁረጥ። ሲመጣ ማታ የጨረቃን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጣልና ጥርት ያለበትን ቦታ ከመስታወቱ ፊት በሜትር ለካ። ቱቦውን የምትቆርጠው ከዚያ ልክ ተነሥተህ አስልተህ ነው። በፀሐይ እንዳትሞክረው፤ 40 ሴንቲ መስታወት የሰበሰበው ፀሐይ ወረቀቱንም ዓይንህንም ያቃጥላል።