ጾም ላይ የዋለ የማኅበር ተራ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ጅማ ነው። የጽዮን ማኅበራችን ተራ ዘንድሮ ኅዳር 21 እኔ ጋ ይደርሳል፤ ወደ 30 ሰው ይመጣል። አንዳንዶች «ጾም ላይ ምን ድግስ አለ፣ ለገና አዛውሪው» ይሉኛል። ግቢያችን ውስጥ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉኝ፤ ሳልጠራቸው ማለፍ አልችልም። ደግሞም የገና ዋዜማ ዶሮ ወጥ ስሠራ ጨው መቅመስ ጾም መሻር ነው ወይ?

መልስ፦ አያዛውሩት፣ እኅቴ። ዝክር ከቀኑ ጋር የታሰረ ነው። የጽዮን ማኅበር ጽዋውን ታኅሣሥ 29 ቢያነሣ የልደት ግብዣ አደረገ እንጂ ጽዮንን አልዘከረም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ልደት ዋዜማ የሚከለክለን ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ነው፤ እንግዳ መቀበልን አይደለም። የሚለወጠው የሚቀርበው ምግብና ሰዓቱ ነው።

በ2019 ቀኑ ሰኞ ስለሚውል እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። እንግዶችዎን ለ8 ሰዓት ይጥሩ፤ ጸሎቱና ትምህርቱ እስኪያልቅ ሰዓቱ ይደርሳል፣ ዳቦውም ያኔ ይቆረሳል። «ከ6 ጀምሮ ብቅ በሉ» ካሉ ግን ቤቱ ሳይጸለይ ይሞላል፣ ቡና ይከተላል፣ ጾሙ በሲኒ ይፈታል። ጅማ ላይ እንግዳን ያለ ቡና ማስቀመጥ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቡናው ከ9 በፊት ጭራሽ አይቆላ። ሽታው ቤቱን ከሞላ በኋላ እንቢ የሚል የለም።

ከምግቡ በጣም የሚያሳስበኝ ዳቦው ነው። ከዳቦ ቤት የሚገዛው ብዙ ጊዜ ላዩ እንቁላል ተቀብቶ ወይም ወተት ገብቶበት ይመጣል፤ የዳቦ ቅቤ የሚባለውም ወተት ያለበት አለ። እቤት ይጋግሩት። ለ30 ሰው ለቁራሽ 3 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድና ወደ 2 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ውኃውን ሁሉ በአንዴ አይገልብጡት፤ ዱቄት እንደ ዓይነቱ ይጠጣልና የመጨረሻውን ግማሽ ሊትር ሊጡን እያዩ ይጨምሩ። የኅዳር ጠዋት ብርዱ ሊጥ ስለሚያስተኛ ምድጃ አጠገብ ሸፍነው ያስቀምጡት። ኮባው በጅማ ችግር አይደለም፤ ብቻ እሳት ላይ ወዲያ ወዲህ አድርገው ካላለዘቡት ሲያጥፉት ይሰነጠቅና ሊጡ ያፈሳል። ሁለት ድፎ አድርገው በለስላሳ እሳት ይጋግሩት። እሳቱ ከበዛ ሥሩ ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ካህኑም ባርከው ሲቆርሱት ቢላዋው ላይ ይጣበቃል።

ወጡ ቀላል ነው። 2 ኪሎ ምስር ክክ ከ2 ኪሎ ሽንኩርት ጋር፣ 1 ኪሎ ሽሮ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ፣ ጎመን፣ እንጀራውን ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ያስቡ። ሽንኩርቱንና ክኩን በኅዳር 17 የሐሙስ ገበያ ይሸምቱ። ማታ ከሠሩት ድስቱን እንደጋለ አይክደኑት፤ ታፍኖ ያድርና ጠዋት ይኮመጥጣል። ሱፍ ፍትፍት ግን የዚያኑ ቀን ይሠራ፣ አያድርም። ቅቤ የነካው ድስትና ጭልፋ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ በልምድ የሚረሳው ጭልፋው ነው። ዓሣ አያስቡ፤ በዚህ ጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሲያከራክር የኖረ ነውና የማኅበር ማዕድ ክርክር አይጫንበት።

ጎረቤቶችዎን በደስታ ይጥሩ። እንዲያውም የጾም ማዕድ ይህን ያቀልልዎታል፤ ሥጋ ስለሌለ «ማን ባረከው» የሚባል ነገር አይነሣም። ጠበል ጠዲቅ ቁርባን አይደለም፣ ለጎረቤት ቢሰጥ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በዝክር ስም የተቆረሰውን ለመብላት ቅር የሚለው ሊኖር ይችላልና ያልተቆረሰ ዳቦ ለብቻ ያስቀምጡ፣ አያስገድዱ። ጥንቃቄው መጠጡ ላይ ነው። ጠላ ለእነሱ አይቀርብም። ብርዝ ያዘጋጁ፦ 1 ኪሎ ማር በ6 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ የዚያኑ ጠዋት። ጠላ ወይም ጠጅ በኖረበት ጋንና እንስራ ግን አይበጥብጡት፤ ዕቃው ውስጥ የቀረው እርሾ ማሩን በሰዓታት ውስጥ ያስነሣዋል። አረፋ ይዞ ጫፍ ጫፉ ላይ ሲፍለቀለቅ ካዩት ብርዝነቱ አልቋልና ለሙስሊም ጎረቤት አይስጡት።

ለነዳያን የሚሆነውን እንግዳ ሳይቀርብ አስቀድመው ያንሡ። ጌታ በሉቃስ 14፥13 ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ ያለው የተረፈውን ስጥ ማለቱ አይደለም።

የገናው ጨው። ዋዜማው ረቡዕ ታኅሣሥ 28 ነው። ቅቤና ዶሮ የገባበትን መቅመስ፣ ምላስ ላይ አድርጎ መትፋትም ቢሆን፣ አይገባም። መውጫው ቀላል ነው፦ ቁሌቱን በዘይት ይጀምሩት። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ እስካሉበት ድረስ ጾም ነውና ከ9 ሰዓት በኋላ ይቅመሱት። ዶሮውና ቅቤው ጨዉን ስለሚያላሉት ቁሌቱ ትንሽ ጠንከር ይበል። ዶሮው በጨውና በሎሚ ተዘፍዝፎ ከነበረ ግን በንጹሕ ውኃ ሦስት አራት ጊዜ ያለቅልቁት፤ አለዚያ ያልቀመሱት ጨው ከዶሮው ይወጣል። ቅቤው ከገባ በኋላ ምላስዎን ይሰብስቡ። ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ ቀምሰው ካነሰው ጨዉን በትንሽ ሙቅ ውኃ አሟሙተው ይጨምሩበት፤ ደረቁን ከበተኑት አንዱ ጋ ይከማቻል።